መጥኖ መደቆስ፣ ሴራሚኩ ሳይነጠፍ

ኮምቦልቻ አንድ ሻይ ቤት ውስጥ ነው የሰማሁት። ወጣቱ ሱቅ ተከራየ፣ ወለሉን ሴራሚክ አነጠፈ፣ መደርደሪያ አሠራ። ገበያው ገና ሲሞቅለት አከራዩ «ልቀቅልኝ» አለው። ውሉ ላይ ስለ እድሳቱ ወጪ አንዲት ቃል የለችም። ጓደኛው ምን ቢለው ጥሩ ነው? «አስቀድሞ ነበር መጥኖ መደቆስ፣ አሁን ምን ያደርጋል ድስት ጥዶ ማልቀስ።» ብሎ ማኪያቶውን ፉት አለ።

ተረቱ ለዚህ ነው እንዴ የተተረተው?

አክስቴ ኩታበር ነበረች። ድግስ ሲደርስ ከሙቀጫው በፊት ክርክሩ ይወጣል። «ስንት ሰው ነው? ዶሮ ነው በግ?» በርበሬው፣ ነጭ ሽንኩርቱ፣ ዝንጅብሉ፣ ኮረሪማው ሰፌድ ላይ ለየብቻ ይከመራል። አንዷ ጎረቤት በርበሬ፣ ሌላዋ ሽንኩርት ይዛ መጥታለች። «የኔ በዛ፣ ያንቺ አነሰ» የሚባባሉት ያኔ ነው፤ ያለ ይሉኝታ። ከዚያ ሁለት ሴቶች ዘነዘናውን እያፈራረቁ ይወቅጣሉ፤ ቤቱ በሙሉ ያስነጥሳል። አንዴ ከተደቆሰ የማን በርበሬ የት እንደገባ ማን ይለያል?

እንግዲህ የኔ ግምት ይኸው። ይህ ተረት ለብቻዋ ወጥ ከምትሠራ ሴት አልመጣም። እሷማ ቀምሳ ቢጎድል ትጨምራለች። የመጣው የጋራ ድግስ ከሚደቁሱት ነው። እኩል የሚያርሱ ገበሬዎችም ዘሩ ከማን፣ በሬው ከማን፣ ገለባው ለማን እንደሆነ የሚጨርሱት ሞፈር ሳይነሳ ነው። ስለዚህ እኔን ከጠየቃችሁኝ ተረቱ የውል ተረት ነው።

ውል ጸሐፊዎቻችን ከወረቀቱ ግርጌ «በፍ/ብ/ሕ/ቁ 1731 መሠረት የጸና ነው» ብለው ይዘጋሉ። ቁጥሩን ያልሰማ የለም። የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ በዚህ ቁጥር የሚለው፣ በሕግ አግባብ የተደረገ ውል ለተዋዋዮቹ እንደ ሕግ ነው። ቁጥር 1678 ደግሞ ለውል የሚያስፈልገውን ይዘረዝራል፦ ችሎታ ያላቸው ሰዎች፣ ጉድለት የሌለበት ፈቃድ፣ በበቂ የተወሰነና የሚቻል፣ ሕግም የማይከለክለው ጉዳይ፤ ሕግ የተለየ አጻጻፍ ካዘዘም እሱ። ቀብድም እንዲሁ ዝም ብሎ የሚወረወር ብር አይደለም። ሌላ ስምምነት ከሌለ ሰጪው ውሉን ቢተው ቀብዱ ይቀርበታል፤ ተቀባዩ ቢተው እጥፉን ይመልሳል።

ልጁ ግን ቁልፉን ሳይቀበል መጠየቅ የነበረበት ሌላ ነው። የእድሳቱ ወጪ ከኪራዩ ይታሰባል? ከጊዜው በፊት ልቀቅ ብባል ምን ይከፈለኛል? ስንት ወር አስቀድሞ ይነገረኛል? አከራይ ባዶ ቤት ታቅፎ ሲቀመጥ ጆሮ አለው። ሴራሚኩ ከተነጠፈለት በኋላ ምን ጨነቀው? እኛ ግን «እንተማመን የለ እንዴ?» ሲሉን እናፍርና እንፈርማለን።

ያ ጓደኛ የፊርማው ቀን የት ነበር? ተረቱን ያኔ ቢያመጣው ወግ ነበር። አሁን አሁንማ ዝናብ ለቀረበት ገበሬ፣ ዕቃው መንገድ ላይ ለተዘረፈ ነጋዴም ሳይቀር ይተርቱበታል። እነሱ ምን አጠፉ? መጥነው ነው የደቆሱት። እባካችሁ፣ ላዘነ ሰው «አብሽር» በሉት።