የዛፍ እንቁራሪትን ዝርያ መለየት ምንድን ነው?

«አረንጓዴ የዛፍ እንቁራሪት» ተብላ ብቻ ቤት የገባች እንስሳ ገና ማንነቷ አልታወቀም። ዝርያዋን መለየት ማለት ከአካሏ ቅርጽ፣ ከልኳ፣ ከድምጿና ከመጣችበት አገር ተነስቶ የትኛዋ እንደሆነች መወሰን ነው። ዝርያዋ ሲታወቅ የሚስማማት ሙቀትና እርጥበት፣ አድጋ የምትደርስበት መጠንም አብረው ይታወቃሉ።

ሰው ሁሉ መጀመሪያ የሚያየው ቀለሟን ነው፤ ከምልክቶቹ ሁሉ የማያስተማምነውም እሱ ነው። ቆዳዋ ውስጥ ያሉት ቀለም አዘል ሕዋሳት በብርድ፣ በብርሃንና በድንጋጤ ስለሚለዋወጡ ጠዋት ቡናማ የነበረችው ማታ አረንጓዴ ሆና ልትገኝ ትችላለች። ስለዚህ የማይለወጠውን ፈልጉ።

ከዓይኗ ጀምሩ። ብሌኑን በቀን ብርሃን ተመልከቱት፤ በጨለማ ስለሚሰፋ ክብ መስሎ ያሳስታል። በብርሃን ጠቦ እንደ ድመት ብሌን ቀጥ ብሎ ከቆመና ዓይኗም ቀይ ከሆነ፣ የመካከለኛው አሜሪካዋን ባለቀይ ዓይን የዛፍ እንቁራሪት ጠርጥሩ። እሷ ስትተኛ ዓይኗን የሚጋርደው ስስ ሽፋን ላይ እንደ መረብ የተጠላለፉ ወርቃማ መስመሮች ይታያሉ። ብሌኑ አግድም ከሆነ ግን ለቤት የሚሸጡት አብዛኞቹ እንደዚያው ስለሆኑ ሌላ ምልክት ያስፈልጋል።

ቀጥሎ ልኳን ውሰዱ። እጅ ላይ መያዝ አያስፈልግም፤ ውስጡ በሚታይ እርጥብ የፕላስቲክ ዕቃ አስገብታችሁ ከሥሩ ማስመሪያ አስቀምጡ። የሚለካው ከአፍንጫዋ ጫፍ እስከ መቀመጫዋ ነው፤ እግር አይቆጠርም። የአሜሪካዋ አረንጓዴ 6 ሴንቲ ሜትር ገደማ ስትደርስ፣ የአውስትራሊያዋ አረንጓዴ 10 ሴንቲ ሜትር ገደማ ትሆናለች፤ የኩባዋ ሴት ደግሞ ከ12 ሴንቲ ሜትር ልታልፍ ትችላለች። ትንሽ መሆኗ ብቻውን ምንም አይናገርም፣ ታዳጊ ልትሆን ትችላለችና። ጉሮሮውን ነፍቶ የሚጮኸው ግን ለአካለ መጠን የደረሰ ወንድ ነው፤ 4 ሴንቲ ሜትር ሆኖ ከጮኸ የአውስትራሊያው ታዳጊ አይደለም።

አረንጓዴዎቹን የሚለየው ጭንቅላትና ጎን ነው። የአሜሪካዋ ብዙውን ጊዜ ከከንፈሯ ጀምሮ በጎኗ የሚወርድ ነጣ ያለ መስመር አላት፤ መስመሩ አጭር የሆነባት ወይም ጨርሶ የሌላትም ትገኛለች። የአውስትራሊያዋ ካደገች ከጆሮዋ ታምቡር በላይ ወፍራም የሥጋ እጥፋት ታወጣለች። ከታችኛው ከንፈሯ እስከ ትከሻዋ ደማቅ ነጭ መስመር ያላትና ቀጠን ያለችው «ባለነጭ ከንፈር» የምትባለው የዛፍ እንቁራሪት ናት። የኩባዋ የጣት መለጠፊያዎች በጣም ትልልቅ ናቸው፤ የራሷ ቆዳም ከአጥንቱ ጋር የተጣበቀ ነው። ከቆዳዋ የሚወጣው ፈሳሽ ዓይን ስለሚያቃጥል ከነካችኋት እጃችሁን ወዲያው ታጠቡ።

ከዓይኗ ሥር ነጣ ያለ ነጥብ፣ ከጭኗ ውስጥ ብርቱካናማ ቢጫ ካላት ከሰሜን አሜሪካዎቹ ግራጫ የዛፍ እንቁራሪቶች አንዷ ናት። እዚህ ላይ ፎቶ አቅሙ ያልቃል። ሁለት ዝርያዎች መልካቸው አንድ ነው፤ አንዱ በሕዋሱ ውስጥ 24 ክሮሞዞም (የዘር መረጃ የሚይዙ ክሮች)፣ ሌላው 48 አለው። በጆሮ የሚለዩት የወንዶቹ ጩኸት ርግብግቢት (የድምፁ ትርታ) በአንዱ ፈጣን፣ በሌላው ዝግ ያለ በመሆኑ ነው። ድምፅ ካልሰማችሁ «ከሁለቱ አንዷ» ብላችሁ ማቆም ትክክለኛው መልስ ነው።

ለሚያውቅ ሰው ለማሳየት አምስት ፎቶ ይበቃል፦ ጀርባዋ፣ ዓይንና ታምቡር የሚታይበት የጭንቅላቷ ጎን፣ መስታወት ላይ ስትለጠፍ ሆዷ፣ በጣቶቿ መካከል ያለው ስስ ቆዳ፣ እግሯን ስትዘረጋ የጭኗ ውስጥ። ከየት አገር እንደመጣች፣ ከዱር የተያዘች ወይም በሰው እጅ የተራባች መሆኗንም ሻጩን ጠይቁ።

እስኪታወቅ ድረስ ለብቻዋ አኑሯት፤ ትልቋ ትንሿን ትውጣለችና። ቀን ላይ ከ22 እስከ 25 ዲግሪ ሴልሺየስ፣ ክሎሪን የወጣለት ውኃ፣ ርዝመታቸው በሁለት ዓይኖቿ መካከል ካለው ስፋት የማይበልጥ ፌንጣዎች ለአብዛኞቹ ይስማማሉ። ማንነቷ ባይታወቅም ውጭ አትልቀቋት፤ የእንቁራሪቶችን ቆዳ የሚያጠቃውን ፈንገስ ይዛ ልትወጣ ትችላለች።