እስላማዊ ፋይናንስን በማስተርስ መማር፦ ሰው የሚለውና እውነታው

በእስላማዊ ፋይናንስ፣ ማለትም ወለድን የሚከለክለውን ሸሪዓ ተከትሎ በሚሠራ የባንክና የገንዘብ አሠራር፣ ሁለተኛ ዲግሪ ልማር ነው ያለ ሰው ከዘመድም ከሥራ ባልደረባም የሚሰማው አስተያየት እምብዛም አይለያይም። አንዱ «ሼህ ልትሆን ነው?» ይለዋል፤ ሌላው «ያው ወለድ ነው» ብሎ ይስቃል። ጥቂቶቹን እንይ። (ዓመታቱ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

«የሃይማኖት ትምህርት ነው፤ ለሙስሊም ብቻ ነው»

አይደለም። በእንግሊዙ ደርሃም ዩኒቨርሲቲም ሆነ የማሌዥያ ማዕከላዊ ባንክ በ2005 ኳላ ሉምፑር ላይ ባቋቋመው ኢንሴፍ በተባለው ዩኒቨርሲቲ አመልካች የሚጠየቀው የትምህርት ማስረጃና የእንግሊዝኛ ችሎታ እንጂ እምነቱ አይደለም። ብሪታንያ በ2014 የ200 ሚሊዮን ፓውንድ ሱኩክ (በወለድ ፋንታ ከንብረት ገቢ የሚከፈልበት፣ ቦንድ መሰል እስላማዊ ሰነድ) ስትሸጥም ሃይማኖት ለወጠች ያላት የለም።

«ወለድ ነው፤ ስሙን ነው የቀየሩት»

ይህ በሁለት ቃል አይመለስም። ሙራባሃ የሚባለውን፣ ትርፉ ተነግሮ የሚደረግ ሽያጭ፣ እንውሰድ። ደንበኛው 1,000,000 ብር የሚያወጣ መኪና ይፈልጋል። ባንኩ መኪናውን ከሻጩ ይገዛና ትርፉን በግልጽ ተናግሮ በ1,200,000 ብር ይሸጥለታል፤ ደንበኛው ለ24 ወር በየወሩ 50,000 ብር ይከፍላል። ቁጥሩን ብቻ ላየ ከብድር አይለይም። ልዩነቱ ያለው በሰነዶቹ ቅደም ተከተል ነው። ባንኩ መጀመሪያ መግዛት፣ ንብረቱንም በእጁ ማድረግ፣ ከዚያ መሸጥ አለበት። በመካከል መኪናው ቢቃጠል ኪሳራው የባንኩ ነው። ዋጋው አንዴ ከተቆረጠ በኋላ ደንበኛው ቢዘገይ እንኳ ዕዳው አያድግም፤ በውሉ የመዘግየት ቅጣት ቢኖር ለበጎ አድራጎት ይውላል እንጂ የባንኩ ገቢ አይሆንም። በተግባር ግን ባንኩ ያልገዛውን ሸጦ ከተገኘ፣ ወይም ሁለቱን ውሎች በአንድ ቀን አስፈርሞ የግዢ ደረሰኙን እንኳ ካልጠየቀ፣ ያ የሳቀው ሰው ትክክል ነው።

ትችቱ ደግሞ ከውጭ ብቻ አይመጣም። ደንበኛው ዕቃ በዱቤ ይገዛና በባንኩ በኩል ወዲያው ለሌላ ሸጦ ጥሬ ገንዘቡን ይወስዳል፤ የተደራጀ ተወሩቅ የሚባለው ይህ ነው። የእስልምና ትብብር ድርጅት የፊቅህ (የእስልምና ሕግ ጥናት) አካዳሚ በ2009 አይፈቀድም ሲል ወሰነ፤ በማሌዥያ ግን ባንኮች በሰፊው ይሠሩበታል። ተማሪው የሁለቱንም ወገን ማስረጃ አንብቦ አቋሙን በጽሑፍ ማስረዳት ይጠበቅበታል። «ስም ብቻ ነው» ብሎ መዝጋት ስንፍና ነው። «ሁሉም ንጹሕ ነው» ብሎ መሟገት ግን፣ በእኔ እይታ፣ ለዘርፉ የባሰ ጉዳት አለው።

«ሸሪዓውን ካወቅሁ ይበቃኛል»

የባህሬኑ ሻሚል ባንክ ለባንግላዴሹ ቤክሲምኮ ኩባንያ ገንዘብ ሲያቀርብ በውሉ ላይ የሸሪዓ መርሆዎች እንደተጠበቁ ሆነው ውሉ በእንግሊዝ ሕግ እንደሚገዛ ተጻፈ። ክፍያው ሲቋረጥ ቤክሲምኮ ውሉ የተሸፋፈነ ወለድ ስለሆነ በሸሪዓ አይጸናም ብሎ ተከራከረ። የእንግሊዝ ይግባኝ ፍርድ ቤት በ2004 ውሉ የሚገዛው በአንድ አገር ሕግ እንደሆነ፣ ሸሪዓም የአንድ አገር ሕግ እንዳልሆነ ጠቅሶ ለባንኩ ፈረደ። የባንኩ ደንበኛ ሸሪዓን ጠቅሶ ከባንኩ ጋር የተሟገተበት፣ ባንኩም በእንግሊዝ ሕግ የረታበት ጉዳይ ነው። ማስተርሱ ውስጥ የውል ሕግ ለምን እንደገባ ከዚህ በላይ ማስረጃ አያሻም።

«ሒሳብ የለበትም»

አለበት። ስታቲስቲክስ፣ የሒሳብ አያያዝ፣ የሱኩክ ዋጋ አወጣጥ፣ የሥጋት አስተዳደር፤ ከቁጥር ለመሸሽ ብሎ የሚመዘገብ ሰው በመጀመሪያው ሴሚስተር ይነቃል።

«ተመርቄ ፈትዋ እሰጣለሁ»

በአንድና በሁለት ዓመት ሙፍቲ (ፈትዋ፣ ማለትም ሃይማኖታዊ ብያኔ፣ የሚሰጥ ሊቅ) የሆነ የለም። የባንኩ አሠራር ከሸሪዓ ጋር መስማማቱን በሚወስነው ሸሪዓ ቦርድ የሚቀመጡት ፊቅህን ለዓመታት የተማሩ ዑለማ ናቸው። ተመራቂው የሚሠራው ከእነሱ ሥር ነው፦ ውል ያረቃል፣ አዲስ አገልግሎት ይቀርጻል፣ ቦርዱ የፈቀደውና ቅርንጫፉ የሠራው አንድ መሆኑን ኦዲት ያደርጋል። መዝገብ እየገለጡ ቀን ከቀን ማመሳከር ነው፤ አሰልቺ የሚሉትም አሉ።

«ለኢትዮጵያ ምን ይሠራል?»

ብሔራዊ ባንክ በ2011 መደበኛ ባንኮች ወለድ አልባ መስኮት እንዲከፍቱ መመሪያ አወጣ፤ በ2019 ሙሉ በሙሉ ወለድ አልባ ለሆነ ባንክ በሩ ተከፈተ፤ ዘምዘምና ሂጅራ የተባሉት ባንኮች በ2021 ሥራ ጀመሩ። የሰው ኃይሉ በአብዛኛው ከመደበኛ ባንክ የመጣ ስለሆነ ብድር ሲያጸድቅ የኖረ ሠራተኛ አሁን ነጋዴ ሁን ተብሏል። ለመመረቂያ ጽሑፍ ርዕስ ያጣም ካለ የግብሩን ጉዳይ ይያዝ። ባንኩ ቤት ገዝቶ መልሶ ሲሸጥ ሽያጩ ሁለት ነው፤ ብሪታንያ ደንበኛው የቴምብር ቀረጥ ድርብ እንዳይከፍል በ2003 ሕጓን አሻሽላለች። በእኛ አገር መኪናው በመጀመሪያ በባንኩ፣ ቀጥሎ በደንበኛው ስም ቢዞር፣ ሊብሬው ሁለት ጊዜ ሲቀየር ወጪው በማን ላይ ነው የሚያርፈው? አዋጆቹንና መመሪያዎቹን ይዞ ለሚቀመጥ ተማሪ አንድ ሙሉ ምዕራፍ ይወጣዋል።