ተመለመለ ማለት ወታደር ሆነ ማለት ነው?

«ልጁ ተመለመለ» ሲባል ብዙ ሰው ወታደር ሆነ ብሎ ይረዳዋል። ገና ነው። ምልመላ መምረጥ ነው፤ ዕድሜ፣ ጤናና የትምህርት ደረጃ ታይቶ ለሥልጠና የሚበቃው ይለያል። ያለፈው «ምልምል» ይባላል። ማሠልጠኛ ገብቶ እስኪመረቅ ድረስ «ምልምል ወታደር» ቢሉትም ሙሉ ወታደር አይደለም።

ግራ መጋባቱ የሚብሰው በፈቃድና በግዴታ ላይ ነው፤ ቃሉ ብቻውን ይህን አይነግረንም። በ1975 ዓ.ም. ደርግ ያወጣው የብሔራዊ ውትድርና አዋጅ ከ18 እስከ 30 ዓመት ያሉትን በግዴታ የሚያሰልፍ ነበር፦ 6 ወር ሥልጠና፣ ከዚያ 2 ዓመት አገልግሎት። በየቀበሌው የሚደረገው በመንግሥት ቋንቋ «ምልመላ» ነበር። ሕዝቡ ግን «አፈሳ» አለው፤ ወጣቱ ከመንገድ ላይ እየተያዘ ሲጫን ላየ ሰው የሕዝቡ ቃል ይበልጥ እውነት አለው።

«ክተት» ደግሞ ሌላ ነው። ለጦርነት ውጣ የሚል አጠቃላይ ጥሪ እንጂ መዝኖ መምረጥ አይደለም። አፄ ምኒልክ ከአድዋ በፊት፣ በመስከረም 1888 ዓ.ም. ያስነገሩት የክተት አዋጅ ጉልበት የሌለውን እንኳ በጸሎት እንዲረዳ ጠይቋል። እንዲህ ያለውን ጥሪ «ምልመላ» ብሎ መጻፍ ስህተት ነው።