ወንድሞቻችሁን ብቻ እጅ ብትነሡ

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ አሜን።

የተወደዳችሁ ወንድሞችና እኅቶች፣ ጌታችን መድኃኒታችን ኢየሱስ ክርስቶስ በተራራው ስብከቱ ጠላትን ስለ መውደድ ካስተማረ በኋላ፣ ትምህርቱ ከዕለት ኑሯችን ርቆ እንዳይቀር፣ ሁላችንም ደጃፍ ላይ የምናደርገውን አንድ ነገር አንሥቶ «ወንድሞቻችሁንም ብቻ እጅ ብትነሡ ምን ብልጫ ታደርጋላችሁ?» ብሎ ይጠይቀናል (ማቴ. 5፥47)። ጠላትን መውደድ የሰማዕታት ድርሻ ብቻ የሚመስለን ብዙዎች ነን። ጌታ ግን ስለ ሰላምታ ጠየቀን፤ ማንን ሰላም እንደምንል፣ ማንን ደግሞ አንገታችንን አዙረን እንደምናልፍ።

በጎንደር ለምንኖር ምእመናን ይህ ጥያቄ የሩቅ አይደለም። በሚያዝያ 2014 ዓ.ም. የአንድ ሼህ ሥርዓተ ቀብር በሚፈጸምበት ዕለት በከተማችን በተነሣው ሁከት ከ20 በላይ ሰዎች ሕይወታቸውን አጥተዋል። ከ2015 ዓ.ም. ማብቂያ ጀምሮ ደግሞ ክልላችን በጦርነት ውስጥ ነው፤ መንገድ ይዘጋል፣ ሰው ይታገታል፣ እናቶች ልጆቻቸው እስኪገቡ ድረስ እንቅልፍ የላቸውም። እንዲህ ባለ ጊዜ ልብ ይጠብባል። ሰው «የእኔ» የሚለውን ወገን ይቆጥርና ከዚያ ውጭ ያለውን ሁሉ በጥርጣሬ ያያል። ከነገሥታቱ ዘመን ጀምሮ የሙስሊሞች ሰፈር ሆኖ በኖረው በአዲስ ዓለም ደንበኛ የነበረው ሰው ከሱቁ መቅረት ይጀምራል፤ ቡና የሚጠራሩ ጎረቤታሞች መጠራራቱን ይተዋሉ። እንዲህ ከተራራቅን በኋላ ስለዚያ ጎረቤት የሚነገረን ክፉ ወሬ ሁሉ እውነት ይመስለናል፤ ቀርበን የምንጠይቀው ሰው የለንምና።

በሁለተኛው መጽሐፈ ነገሥት ምዕራፍ 6 የተጻፈውን ታሪክ ረጋ ብለን እንድናነበው እለምናችኋለሁ። የሶርያ ንጉሥ ነቢዩ ኤልሳዕን ለመያዝ ፈረሶችንና ሠረገሎችን ወደ ዶታይን ላከ። ነቢዩ ወደ እግዚአብሔር ጸለየ፤ ወታደሮቹ ዓይናቸው ታውሮ ወደ ሰማርያ ተመሩ፤ ዓይናቸው በተገለጠ ጊዜም ራሳቸውን በጠላታቸው ከተማ መካከል አገኙት። የእስራኤል ንጉሥ ቸኩሎ «ልግደላቸውን?» ብሎ ደጋግሞ ጠየቀ። ነቢዩ ግን እንዳይነካቸው ከልክሎ፣ እንጀራና ውኃ በፊታቸው አኑሮ ወደ ጌታቸው እንዲያሰናብታቸው አዘዘው። ንጉሡም ከታዘዘው አልፎ ብዙ መብል አዘጋጀላቸው። ከእንጀራና ከውኃ ወደ ግብዣ ያለፈው ገና ያን ጊዜ «ልግደላቸውን?» ሲል የነበረው ሰው መሆኑን ልብ በሉ፤ እጁ መስጠት ሲጀምር የገዛ ልቡም ተለወጠ። መጽሐፍም የሶርያ አደጋ ጣዮች ከዚያ በኋላ ወደ እስራኤል አገር እንዳልመጡ ይመሰክራል።

«ደግነት ጥይት አያቆምም» የሚል ሰው ቢኖር ቃሉ ከባዶ የተነሣ አይደለምና ልንቆጣው አይገባም። በዚያው ምዕራፍ፣ ከግብዣው ታሪክ ቀጥሎ፣ የሶርያ ንጉሥ ሠራዊቱን ሁሉ ሰብስቦ ሰማርያን እንደ ከበበ ተጽፏል። መጽሐፍ ቅዱስ ይህን አልደበቀንም። አንድ ማዕድ የዘለዓለም ሰላም ያመጣል ብሎም ተስፋ አልሰጠንም። ሆኖም የነቢዩን ሥራ እንደ ሞኝነት አልቆጠረበትም፤ በዚያች ቀን ሊፈስ የነበረ ደም አልፈሰሰምና፣ ያ ብቻውን በእግዚአብሔር ፊት ታላቅ ነገር ነው። ቅዱስ ጳውሎስም «ራሳችሁ አትበቀሉ» ካለ በኋላ ወዲያው «ጠላትህ ግን ቢራብ አብላው፤ ቢጠማ አጠጣው» ይላል (ሮሜ 12፥19-20)። በቀልን ለእግዚአብሔር የተወ ሰው እጁን አጣጥፎ እንዲቀመጥ አልተፈቀደለትም።

በእኛ አገር ይህ ትምህርት ከሁሉ በላይ የሚፈተነው በልቅሶ ቤት ይመስለኛል። በገጠሩ ደም መመለስ ስንት ቤት እንደ ዘጋ የምታውቁ ታውቁታላችሁ። አልቃሿ የሟቹን ጀግንነት እያነሣች ሙሾ ስታወርድ፣ ግጥሙ ቀስ በቀስ ከሐዘን ወጥቶ በድንኳኑ ዳር የተቀመጡትን ወንድሞች ወደ መውቀስ ይዞራል፤ ጎልማሳው አንገቱን ይደፋል፣ ጓደኞቹ ዓይኑን ያያሉ፣ እሱም ሳይናገር ምሎ ይነሣል። እንዲህ ባለ ሰዓት አጠገቡ ሄዶ መቀመጥ፣ ውኃ ማቀበል፣ «ይህን ዛሬ አታስበው፤ እናትህን ሁለተኛ ልጅ አታሳጣት» ብሎ በጆሮው መናገር የክርስቲያን ሥራ ነው። የንስሐ አባትም ፍትሐት አድርሰው ብቻ ሳይመለሱ እስከ ማምሻው ከዚያ ልጅ ጋር ቢቆዩ ነፍስ ያድናሉ።

ልቅሶው በሙስሊም ጎረቤታችን ቤት ሲሆንም መድረስ አለብን። ሥጋቸውን አለመብላታችን፣ እነርሱም የእኛን አለመብላታቸው የሚያራርቀን ሆኖ አያውቅም። እናቶቻችን ዳቦ ጋግረው፣ ቡናና ስኳር ይዘው እየገቡ ሲያስተዛዝኑ ኖረዋል። «ከሩቅ ዘመድ የቅርብ ጎረቤት» የምንለው ከዚህ ኑሮ የመጣ ነው። ከ2014 ዓ.ም.ቱ ሐዘን በኋላ ይህን መድረስ የፈራ ካለ ፍርሃቱን እረዳለሁ፤ ብቻውን መሄድ ቢከብደው ከእድሩ ሽማግሌዎች ጋር ይሂድ እንጂ አይቅር።

ስለ ስልካችን ደግሞ ባጭሩ ልናገር። በፌስቡክና በቴሌግራም የሚመጣ፣ ማን እንዳነሣው የማይታወቅ የአስከሬን ፎቶግራፍና «ተነሥ» የሚል ጽሑፍ ለሌላ ማስተላለፍ በሐሰት ምስክርነት መተባበር ሊሆን ይችላል። ሳናጣራ አናስተላልፍ።

ቸርነት ግን ወንጀልን መሸፈን እንዳይመስለን። የገደለ፣ ያገተ፣ ቤት ያቃጠለ ሰው የእኛ ወገን ስለሆነ ብንሸሽገው በዳዩንም ከንስሐ እናርቀዋለን፣ ተበዳዩንም ሁለተኛ እንበድለዋለን። ያየ ሰው ያየውን ይመስክር። ዕርቅ የሚወርድ ከሆነም እውነቱ ተነግሮ፣ ካሳው ተከፍሎ፣ ጥፋተኛው ይቅርታ ጠይቆ ይሁን። በቅዳሴ ዲያቆኑ «ተአምኁ በበይናቲክሙ» ሲል ግራና ቀኝ ላለው ሰው እጅ የምንነሣው እኮ በልብ የያዝነውን ይዘን እንዳንቆርብ ነው።

አንድ የሚረሳ ነገር አለ። ከሠልስት በኋላ ድንኳኑ ይፈርሳል፣ የእድሩ ወንበርና ድስት ይመለሳል፤ አርባው ከወጣ በኋላ ደግሞ ያን ቤት የሚያንኳኳ ይጠፋል። ባሏ በግጭት የሞተባት ሴት እህሉን ወደ ወፍጮ ቤት የሚሸከምላት፣ ለልጆቿ ደብተር የሚገዛላት፣ የቤት ኪራዩ ሲደርስ ከአከራዩ ጋር የሚነጋገርላት የምትፈልገው በዚያን ጊዜ ነው። ሰንበቴና የጽዋ ማኅበር ያላችሁ፣ በሰፈራችሁ እንዲህ ያለ ቤት የትኛው እንደሆነ ተጠያይቃችሁ ወር በወር ተራ ግቡለት፤ ሟቹ ከየትኛው ወገን እንደ ነበረ አትጠይቁ። ምናልባት በወገኖቻችን የተጎዳች ሆና በሯን አትከፍትልን ይሆናል። አይክፋን፤ የያዝነውን በጎረቤቷ እጅ ልከን እንመለስ፣ በሚቀጥለውም ወር እንሂድ።