ለአረጋውያን የአደጋ ጥሪ መሣሪያ አመራረጥ በባሕር ዳር

የአደጋ ጥሪ መሣሪያ አንድ አረጋዊ ሲወድቅ ወይም ድንገት ሲታመም፣ ስልክ ፈልጎ ቁጥር መምታት ሳያስፈልገው፣ አንድ ቁልፍ ተጭኖ ሰው የሚጠራበት ትንሽ ዕቃ ነው። በአንገት ይንጠለጠላል ወይም እንደ ሰዓት ይታሰራል። እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1970ዎቹ ሲጀመር ከቤት ስልክ ጋር የተያያዘ ነበር፤ ዛሬ ብዙው በሲም ካርድ ይሠራል። የሚጠቅመው በተለይ ከወደቁ በኋላ ላለው ጊዜ ነው። ከአንድ ሰዓት በላይ መሬት ላይ የቆየ አረጋዊ አጥንቱ ባይሰበርም ሰውነቱ ሊደርቅ፣ የተጫነው ጡንቻም ሊጎዳ ይችላል፤ ጉዳቱም ለኩላሊት ሊተርፍ ይችላል።

ከውጭ አገር በስጦታ የሚመጣው መሣሪያ ብዙ ጊዜ ወርሃዊ ክፍያ የሚጠይቅና ከጥሪ ማእከል ጋር የተሳሰረ ነው። ማእከሉ የሚጠራው የዚያን አገር አምቡላንስ ስለሆነ ሽምብጥ ወይም ሹም አቦ ላሉ እናት አይደርስላቸውም። የሞገዱም ነገር አለ፤ ለአሜሪካ ብቻ የተሠራ የ2ጂ መሣሪያ በ850 እና በ1900 ሜጋኸርዝ ሲሠራ፣ የኛው አገር 2ጂ ኔትወርክ በ900 እና በ1800 ነው። ቻርጀሩ ላይ «100-240» የሚል ካልተጻፈ ወደ 220 ቮልት መሰካት የለበትም። ለባሕር ዳር የሚሆነው ያለ ማእከል፣ በራሱ ሲም ለተመዘገቡ ሰዎች በተራ የሚደውለው ነው። አቅም ካጠረ ጀርባው ላይ የኤስኦኤስ (የአደጋ ጥሪ) ቁልፍ ያለው ተራ ስልክ ከምንም ይሻላል፤ ጠረጴዛ ላይ ከተረሳ ግን ዋጋ የለውም።

በመተግበሪያና በኢንተርኔት ብቻ መልእክት የሚልከውን መተው ይሻላል። ከ2015 ዓ.ም. ክረምት ጀምሮ በክልሉ የሞባይል ኢንተርኔት ለወራት ተቋርጦ ነበር። ስለዚህ መሣሪያው በድምፅ መደወልና አጭር መልእክት መላክ መቻል አለበት። ከመግዛት በፊት፣ ሊገባበት በታሰበው ሲም፣ በር ዘግቶ ከመኝታ ክፍል፣ ከመታጠቢያ ቤትና ጓሮ ካለው ሽንት ቤት መደወል ይገባል። ሌሊት ብዙ ጊዜ የሚወደቀው ሳሎን ውስጥ ሳይሆን ወደ ሽንት ቤት በሚኬድበት መንገድ ላይ ነው።

ትልቁ ስሕተት የሚፈጸመው በቁጥሮቹ ቅደም ተከተል ነው። አንደኛ ላይ አዲስ አበባ ያለ ልጅ ይመዘገባል፤ ልጁ ያነሣል፣ ይደነግጣል፣ መልሶ ጎረቤት ይደውላል። መጀመሪያ መግባት ያለበት በአምስት ደቂቃ በእግሩ የሚደርስ ሰው ነው፤ የግቢውና የቤቱ መክፈቻ ቅጂም እሱ ዘንድ መቀመጥ አለበት፣ ውሻውም ሊያውቀው ይገባል። አንዳንዱ መሣሪያ ማንም ስልኩን ሲያነሣ፣ ሕፃንም ቢሆን፣ ሰው ተገኘ ብሎ መደወል ያቆማል፤ ያነሣው ሰው አንድ ቁጥር ተጭኖ እንዲያረጋግጥ የሚጠይቀው የተሻለ ነው። የቀይ መስቀል አምቡላንስ ቁጥር 907 ነው፤ እሱን መሣሪያው ውስጥ ከማስገባት ይልቅ የደረሰው ሰው ያለውን አይቶ ቢደውል ይመረጣል። ለሹፌሩ የቤት ቁጥር ብዙም አይረዳውም፤ ቅርብ ያለው ቤተ ክርስቲያን ወይም የባጃጅ ማቆሚያ ይነገረው። ፈለገ ሕይወት ይሁን ጥበበ ግዮን፣ የሕክምና ካርዱ ያለበት ሆስፒታልም አስቀድሞ ተጽፎ በሩ አጠገብ ይለጠፍ።

ውድቀትን በራሱ የሚያውቀው ዓይነት የእንቅስቃሴን ድንገተኛ ለውጥ ይለካል። ግድግዳ ተደግፎ ቀስ ብሎ የተንሸራተተን ሰው ሊስተው ይችላል። በተቃራኒው ስግደት ሊያታልለው ይችላል፤ በሰሞነ ሕማማት ደጋግመው የሚሰግዱ እናት ጎረቤቱን ሁሉ ሊያስሮጡ ይችላሉ። ዝቅ ያለ በርጩማ ላይ ዝርግፍ ብሎ መቀመጥም እንደዚያው ነው። ሐሰተኛ ጥሪ ሲበዛ ጎረቤት ማንሣት ይተዋል። ስለዚህ በትንሽ እንቅስቃሴ እንዳይነሣ ንቃቱ ዝቅ ይደረግ፣ ጥሪውን የሚሰርዝ የሰከንዶች ፋታ ያለውም ይመረጥ።

ማተብ ያለበት አንገት ላይ ሌላ ገመድ መጨመር ብዙዎቹን አይመቻቸውም፤ ማተቡ ላይ ማንጠልጠል ደግሞ ጨርሶ አይገባም። ለእነሱ የእጅ ዓይነቱ ይስማማል፤ ጋቢም አይሸፍነውም። የአንገቱ ከተመረጠ ገመዱ ሲያዝ የሚበጠስ ይሁን። አይፒ67 የሚለው ምልክት አንድ ሜትር ንጹሕ ውኃ ውስጥ ለ30 ደቂቃ ይቋቋማል ማለት ነው፤ ሳሙናና እንፋሎት በዚያ አይለካም። ቢሆንም መታጠቢያ ቤት አይውለቅ፤ የቻርጅ ነጥቦቹ በደረቅ ጨርቅ ይጠረጉ።

ዘጌ ወይም ደሴት ላይ ለሚኖር ሰው ኔትወርኩ ከቤቱ ቦታ ጋር ይለዋወጣል። ከደሴት ያለ ጀልባ ስለማይወጣ ሁለተኛው ቁጥር የጀልባ ባለቤት ይሁን።

ቻርጅ የሚደረገው ቀን፣ ቡና በሚፈላበት ሰዓት ነው፤ ሌሊት ክንድ ላይ መሆን አለበት። ለመብራት መጥፋት ፓወር ባንክ ይያዝ። የሲሙን ሂሳብ የሚሞላ አንድ ሰው ይለይ፤ መሣሪያው ሳይበላሽም ሂሳብ ካለቀበት ዝም ሊል ይችላል። በወር አንድ ጊዜ ቁልፉን ተጭኖ መሞከር ያስፈልጋል፤ ቀኑን በ12 ሚካኤል ወይም በ21 ማርያም ካደረጉት አረጋውያኑ ራሳቸው ያስታውሳሉ።