የጄት ሞዴልን በሬዚን ኪት መቀየር፦ የተሳሳቱ አመለካከቶችና እውነታው

የፕላስቲክ ጄት ሞዴል ሳጥን ስትከፍቱ የምታገኙት አንድ ዓይነት አውሮፕላን ነው። እናንተ የምትፈልጉት ግን የዚያኑ ጄት ሌላ ዓይነት ሊሆን ይችላል፤ ባለሁለት መቀመጫውን፣ የስለላ ካሜራ ያለውን ወይም ሌላ ሞተር የተገጠመለትን። ትልልቆቹ ፋብሪካዎች ያንን ካልሠሩት ትናንሽ ወርክሾፖች በሬዚን፣ ማለትም ቅርጽ ማውጫ ውስጥ ፈስሶ በሚጠነክር ፈሳሽ፣ ያወጡትን መቀየሪያ ኪት (የክፍሎች ስብስብ) ትገዛላችሁ። የፕላስቲኩን ክፍል ቆርጣችሁ ትጥላላችሁ፣ በቦታው ሬዚኑን ትተክላላችሁ። ነገሩ ይኸው ነው።

ግን ስንቱ ሰው ነው ገዝቶ መደርደሪያ ላይ ያስቀመጠው! ወይም ጀምሮ መሃል ላይ የተወው። ይሄ ነገር ከልቤ ያሳዝነኛል፣ ምክንያቱም አብዛኛውን ጊዜ ጥፋቱ የእጅ ሳይሆን የተሳሳተ ምክር ነው። ሰዉ ሬዚንን እንደ ፕላስቲክ ይቆጥረዋል፤ ደግሞም ተሠርቶ ያለቀ ዕቃ ይመስለዋል። ሁለቱም አይደለም። ከታች ያሉት ስህተቶች ሁሉ ማለት ይቻላል ከዚህ የሚመጡ ናቸው።

“የሚያስፈልገው ሁሉ ሳጥኑ ውስጥ አለ”

ከሁሉም በላይ ሰው የሚጎዳው በዚህኛው ነው፣ ስለዚህ ትንሽ ልቆይበት።

መቀየሪያ ኪት የሚሰጣችሁ በዓይን ቶሎ የሚታየውን ልዩነት ነው። ከሱ ጋር አብሮ የሚቀየረውን ሁሉ ላይሰጣችሁ ይችላል። ኤፍ-4 ፋንተምን ውሰዱ። ኤፍ-4ኢ ከአፍንጫው ሥር 20 ሚሊሜትር መድፍ ያለው ተዋጊ ነው። አርኤፍ-4ሲ ደግሞ መድፍ የለውም፣ አፍንጫው ውስጥ የተሸከመው ካሜራ ነው። አንድ ሰው እጁ ላይ ኤፍ-4ኢ ኪት አለ፣ የአርኤፍ-4ሲ አፍንጫ በሬዚን ይገዛል፣ ይቆርጣል፣ ይተክላል፣ አለቀ ይላል።

አላለቀም። የኤፍ-4ኢ ሞተር ጄ79-17 ነው፣ የጭስ ማውጫ ኖዝሉም ረጅም ነው። አርኤፍ-4ሲ የሚበረው በጄ79-15 ሲሆን ኖዝሉ አጭር ነው። ኤፍ-4ኢ በኋላው አግድም ጅራት የፊት ጠርዝ ላይ ስንጥቅ ያለው ተጨማሪ ከንፈር አለው፤ አርኤፍ-4ሲ ከፋብሪካ ሲወጣ ያ የለውም። የኋለኞቹ ኤፍ-4ኢዎች በክንፋቸው የፊት ጠርዝ ላይ የሚዘረጋ ቁራጭ (ስላት) አላቸው፣ ኪታችሁ የነሱ ከሆነ ክንፉም አይሆንም። ከዚያ ደግሞ የአርኤፍ-4ሲ የካሜራ አፍንጫ ራሱ አንድ ዓይነት አይደለም፤ ታችኛው ክፍል ማዕዘን ያለውም አለ፣ ክብ የሆነውም አለ። ታዲያ ከኤፍ-4ኢ ይልቅ ኤፍ-4ሲ ወይም ኤፍ-4ዲ ኪት ላይ ብትነሱ የሥራው ግማሽ ከመጀመሪያው ቀለለላችሁ ማለት ነው።

ኤፍ-16 ላይም ተመሳሳይ ነገር አለ። የምርት ዙሮቹ “ብሎክ” ይባላሉ። በጂኢ (ጄኔራል ኤሌክትሪክ) ኤፍ110 ሞተር የሚበሩት የኋለኞቹ ብሎክ 30፣ ብሎክ 40 እና ብሎክ 50 ብዙ አየር ስለሚፈልጉ የአየር ማስገቢያ አፋቸው ሰፊ ነው። በፕራት ኤንድ ዊትኒ ኤፍ100 የሚበሩት ብሎክ 32፣ 42 እና 52 ግን ጠባቡን አፍ ይዘው ቀርተዋል። የሬዚን ኖዝል ብቻ ቀይራችሁ አፉን ከረሳችሁት፣ ከኋላ አንድ አውሮፕላን ከፊት ሌላ አውሮፕላን ሆነ።

ስለዚህ መጋዝ ከማንሳታችሁ በፊት አንድ የተወሰነ አውሮፕላን ምረጡ። “ኤፍ-16” አይደለም፤ በጅራቱ ላይ ቁጥር ያለው፣ ዓመቱ የታወቀ፣ ፎቶው ያለ አንድ አውሮፕላን። ከፎቶው ጋር እያስተያያችሁ ከኪቱ የጎደለውን በወረቀት ጻፉ። ይህን ሥራ የሚያህል ጊዜ ቆጣቢ የለም።

“ሬዚን የጎበዞች ብቻ ነው”

ሬዚን ሁሉ አንድ አይደለም። መቀመጫ፣ ጎማ ወይም ኖዝል መቀየር ማንም የሚችለው ነው፤ አንዱን አውጥቶ ሌላውን ማስገባት ነው። ኮክፒት (የአብራሪው ክፍል) ትንሽ ይከብዳል፣ ምክንያቱም የሬዚኑ ግድግዳ ወፍራም ስለሆነ የፕላስቲኩን ውስጠኛ ጎን ፍቆ ማሳሳት ይጠይቃል። አፍንጫ ወይም ጀርባ ቆርጦ መትከል ከሁሉም ይከብዳል። በዚህ ቅደም ተከተል የሄደ ሰው የሚያስፈራው ነገር አይኖርም። ሰው የሚሸሸው ከመጨረሻው ስለሚጀምር ነው።

“የተለመደው የሞዴል ማጣበቂያ ይይዘዋል”

አይዝም። የፕላስቲክ ሞዴል ማጣበቂያ ሥራው ፕላስቲኩን ማቅለጥ ነው፤ ሁለቱ ጎኖች ቀልጠው ይቀላቀሉና አንድ ይሆናሉ። ለኪት የሚፈሰው ሬዚን ፖሊዩሬቴን ነው፣ በዚያ ማጣበቂያ አይቀልጥም። ስትነኩት የያዘ ይመስላል፣ በኋላ ግን ተላቆ ታገኙታላችሁ።

ያላችሁ ምርጫ ሱፐር ግሉ ወይም ኢፖክሲ ነው። ለትንንሽ ነገር ሱፐር ግሉ ይበቃል። ለከባድ አፍንጫ ግን እኔ ባለሁለት ቱቦውን ኢፖክሲ እመርጣለሁ፣ ምክንያቱም ለማስተካከል ደቂቃዎች ይሰጣችኋል። ሱፐር ግሉ አንዴ ከያዘ ያዘ፣ ጠማማም ቢሆን። ደግሞ በቀጥታ ሲጎተት ጠንካራ ነው እንጂ ከጎን ሲመታ ይሰበራል፤ ስለዚህ ክብደት ያለበት ቦታ ላይ በሁለቱም በኩል ቀዳዳ ብሱና ቀጭን የናስ ሽቦ አስገቡ።

“ከከረጢቱ አውጥቶ ቀለም መቀባት ነው”

ሬዚኑ የሚፈሰው በሲሊኮን ጎማ ቅርጽ ማውጫ ውስጥ ነው። እንዳይጣበቅ ብዙ ጊዜ የሚያንሸራትት ነገር ይቀባል፣ እሱም ሬዚኑ ላይ ይቀራል። እዚያ ላይ ቀለም ስትቀቡ ይንሸራተታል፣ ወይም ማስኪንግ ቴፑን (ቀለም እንዳያልፍ የሚለጠፈውን) ስትላጡ ቀለሙ አብሮ ይመጣል። ለብ ባለ ውሃና በዕቃ ማጠቢያ ሳሙና፣ በአሮጌ የጥርስ ብሩሽ አጥቡት፣ በደንብ ይድረቅ። ከዚያ ፕራይመር፣ ማለትም ከዋናው ቀለም በፊት የሚቀባው መያዣ ቀለም። በተለይ አክሪሊክ ቀለም የምትጠቀሙ ከሆነ ፕራይመሩን አትዝለሉት።

“ጉማጁን በካተር ቆርጦ መጣል ነው፣ ብናኙም ምንም አያደርግም”

እያንዳንዱ የሬዚን ክፍል ሬዚኑ ከፈሰሰበት ጉማጅ ጋር ተያይዞ ነው የሚመጣው። በካተር ተጭናችሁ ለመቁረጥ ስትሞክሩ ሬዚኑ ይሰነጠቃል፣ ስንጥቁም ወደማትፈልጉት አቅጣጫ ይሄዳል። ጥርሱ ደቃቅ የሆነ ቀጭን መጋዝ ተጠቀሙ። ከክፍሉ ትንሽ ራቅ ብላችሁ ቁረጡና የቀረውን በብርጭቆ ወረቀት አውርዱት።

አሁን ስለ ብናኙ። ይሄን በጣም ከልብ ነው የምለው። የሬዚን ብናኝ ደቃቅ ነው፣ አየር ላይ ይቆያል፣ ወደ ሳንባ ይገባል። “እኔ ምንም አልሆንኩም” የሚል ሰው አትስሙ። ሁለት ነገር አድርጉ፦ በውሃ እያረጠባችሁ ፈግፍጉ፣ ኤን95 ወይም ኤፍኤፍፒ2 ማስክ አድርጉ። ሲርስ ብናኙ ጭቃ ሆኖ ይቀራል፣ በጨርቅ ይጠረጋል። ጠረጴዛውንም በደረቁ አትጥረጉት፣ በእርጥብ ጨርቅ አብሱት። ልጆች ባሉበት ክፍል ደግሞ ጭራሽ አትሥሩ።

“የጎበጠ ሬዚን ተበላሽቷል”

ብዙ ጊዜ አልተበላሸም። ትኩስ ውሃ ውስጥ ጥቂት አቆዩት፣ ይለሰልሳል፤ ጠፍጣፋ ነገር ላይ አቅኑትና ቀዝቃዛ ውሃ ውስጥ ክተቱት። ባለበት ይቀራል። ግን ይሄው ጠባይ በሌላ በኩል ይጎዳል፦ ከሬዚን የተሠራ ቀጭን የማረፊያ እግር ክብደት ሲሸከም በጊዜ ብዛት ይጎብጣል። ለእግር ብረት ወይም የኪቱን ፕላስቲክ ተጠቀሙ።

“ክፍተቱን ስቱኮ ይሞላዋል”

ስቱኮ ክፍተት ይሞላል እንጂ ጠማማ አያቃናም። አፍንጫ ተከላ ላይ የሚታየው ችግር ከክፍተት ይልቅ መጣመም ነው። ኤፍ-4 ወደ 19 ሜትር ይረዝማል፤ በ1/48 ልኬት (48 ጊዜ አንሶ) ሲሠራ 40 ሴንቲሜትር ገደማ ነው። የሬዚኑ አፍንጫ 8 ሴንቲሜትር ነው እንበል። መገጣጠሚያው ላይ አንድ ዲግሪ ብቻ ብታጋድል ጫፉ 1.4 ሚሊሜትር ከመስመር ይወጣል፣ በእውነተኛው አውሮፕላን ወደ 7 ሴንቲሜትር መሆኑ ነው። ከላይ ስታዩት ዓይናችሁ ወዲያው ይይዘዋል፣ የትኛውም ስቱኮ አይደብቀውም።

እኔ የምመክረው አሠራር ይሄ ነው። ኮክፒቱና ሌላው የውስጥ ዕቃ ከፈቀደ መጀመሪያ የፕላስቲኩን ግራና ቀኝ አጣብቁ፣ ክብነቱን እንዲይዝ። ኪቱ በሚያሳየው የመቁረጫ መስመር ላይ ጠንካራ ቴፕ ዙሪያውን ጠምጥሙ። የቴፑ መነሻና መድረሻ ካልተገጣጠመ መስመሩ ዘንበል ብሏል ማለት ነው፣ ላጡና እንደገና። ከዚያ በቴፑ ጠርዝ በመጫሪያ ቀስ እያላችሁ ዙሪያውን ደጋግማችሁ ጫሩ። መጋዙን የምታስገቡት መስመሩ ላይ ሳይሆን በሚጣለው ክፍል በኩል፣ አንድ ሚሊሜትር ያህል ትርፍ ትታችሁ ነው። ትርፉን ጠፍጣፋ ሰሌዳ ላይ በተለጠፈ የብርጭቆ ወረቀት እየፈገፈጋችሁ መስመሩ ድረስ አውርዱት። የቆረጣችሁት አይመለስም፣ ያስቀራችሁት ግን ሁልጊዜ ይወርዳል።

አሁን ማጣበቂያ ሳትነኩ ግጠሙት። በቴፕ ያዙት፣ ክንፉንም በቴፕ ያዙት፣ ከፊት፣ ከላይ፣ ከጎን እዩ። ሬዚኑ ከፕላስቲኩ ትንሽ ሰፍቶ፣ ወይም ሬዚን ሲደርቅ በመጠኑ ስለሚኮማተር ጠቦ ልታገኙት ትችላላችሁ። በዚህ ጊዜ የፕላስቲኩን ውጭ ለመፈግፈግ አትቸኩሉ፤ የፓነል መስመሮቹ (የአውሮፕላኑ ቆርቆሮዎች መጋጠሚያ ቀጫጭን መስመሮች) ይጠፋሉ። ፕላስቲኩ ቀጭን ቅርፊት ስለሆነ ይታዘዛል። ከውስጥ ቀጫጭን የፕላስቲክ ቁራጮች አጣብቁና ወደ ሬዚኑ ልክ ግፉት ወይም ሳቡት። ይሄን ሁሉ ካደረጋችሁ በኋላ የሚቀረው የፀጉር ያህል ክፍተት ነው፤ እሱን በሱፐር ግሉ ሙሉት። ልብ በሉ፣ ሱፐር ግሉ በቆየ ቁጥር ከፕላስቲኩ በላይ ይጠነክራል፣ ስለዚህ ለነገ አትተዉት፤ በዚያው ሰዓት ፈግፍጉት። ግራጫ ፕራይመር ስትነፉበት የተረፈው ስህተት ሁሉ ይታያል።

“መመሪያው ያለውን ክብደት አፍንጫው ውስጥ ከጨመርኩ ይበቃል”

መመሪያው የተጻፈው ለፕላስቲኩ ኪት ነው። ድፍን የሬዚን ኖዝል ከባዶው የፕላስቲክ ኖዝል ይከብዳል፣ እሱም ከዋና ጎማዎቹ በስተኋላ ነው ያለው፤ ሞዴሉ በጅራቱ ይቀመጥባችኋል። በተቃራኒው ድፍን የሬዚን አፍንጫ ራሱ ክብደት ሆኖ ሊበቃ ይችላል። መገመት አያስፈልግም፦ ሁሉንም በቴፕ ያዙና ዋና ጎማዎቹ የሚቆሙበት ቦታ ላይ በሁለት ጣት ደግፋችሁ ወዴት እንደሚያዘነብል እዩ። አካሉ ከመዘጋቱ በፊት።

“ሱፐር ግሉ ለካኖፒውም ይሆናል”

ካኖፒ ማለት አብራሪው ላይ የሚዘጋው መስታወት ነው። የሱፐር ግሉ ትነት መስታወቱን ነጭ ጉም ያለብሰዋል። ነጩን የእንጨት ማጣበቂያ ተጠቀሙ፤ ሲደርቅ ይጠራል፣ ከተሳሳታችሁም በውሃ ይለቃል።

“3ዲ ፕሪንት ስለመጣ የፈሰሰ ሬዚን አብቅቶለታል”

3ዲ ፕሪንት ትልቅ ነገር ነው፣ በተለይ ለመቀመጫና ለኮክፒት የሚያወጣው ዝርዝር በጣም ደስ ይላል። ነገር ግን ሌላ ሬዚን ነው፣ በብርሃን የሚጠነክር፣ የራሱም ጠባይ ያለው። ቀጫጭኑ ክፍል በቀላሉ ይሰበራል። ሰፊና ለስላሳ ገጽ ላይ፣ ለምሳሌ አፍንጫ ላይ፣ የንብርብር መስመር ሊታይ ስለሚችል መፈግፈጉ አይቀርም። ለአፍንጫና ለጀርባ አሁንም የፈሰሰውን እመርጣለሁ፣ ለሥራ ይመቻል። ማጣበቂያው ያው ሱፐር ግሉና ኢፖክሲ ነው፣ የብናኙ ጥንቃቄም ያው ነው። አንድ የሚለየው ድጋፎቹ ናቸው፤ ክፍሉን የሚይዙትን ቀጫጭን ምሰሶዎች በእጅ አትስበሯቸው፣ ከክፍሉ ላይ ቁራጭ ይዘው ይወጣሉ። ስለት ባለው ትንሽ መቁረጫ አንድ በአንድ፣ ከክፍሉ ትንሽ ራቅ ብላችሁ ቁረጧቸውና ጉጡን በብርጭቆ ወረቀት አንሱት።