የፈረሰ ኮንክሪት ለአዲስ ቤት ይሆናል?

በጂማ ቤት ሠሪዎች ግሩፓችን ይህ ጥያቄ ቶሎ ቶሎ ይመለሳል፦ «አሮጌውን ቤት አፍርሼ ኮንክሪቱን ባስፈጨው አዲሱን እሠራበታለሁ?» እንደምታውሉበት ቦታ ነው።

አንድ ነገር ግልጽ ይሁን። የተፈጨ ኮንክሪት ጠጠርን ይተካል እንጂ ሲሚንቶን አይተካም። አሮጌው ሲሚንቶ ሥራውን ጨርሷል። ውሃ ቢጨመርበት እንደ አዲስ አይጠነክርም።

ዋናው ጣጣ ውሃ ነው። በተፈጨው ኮንክሪት ላይ የተጣበቀው አሮጌ የአሸዋና ሲሚንቶ ድብልቅ ውሃ ይመጥጣል። ጥሩ የጥቁር ድንጋይ ጠጠር ብዙ ጊዜ ከክብደቱ 1 ወይም 2 በመቶ ውሃ ሲመጥጥ፣ ይሄኛው 5 በመቶና ከዚያም በላይ ሊደርስ ይችላል። ግንበኛው «ደረቀብኝ» ብሎ ውሃ ሲያበዛ ጥንካሬው ይወርዳል። የተፈጨውን ኮንክሪት አስቀድሞ ማርጠብ ይሻላል።

ለምሳሌ ሂርማታ አካባቢ 4 በ5 ሜትር የሆነ ክፍል እየሠራችሁ ነው እንበል። ከወለሉ ሥር 20 ሴንቲ ሜትር ሙሌት ካስፈለገ 4 ሜትር ኩብ ነው። ለዚህ ፍርስራሹን ሰባብሮ፣ በደንብ ጠቅጥቆ መጠቀም ይቻላል። ለኮለን (ለኮንክሪት ምሰሶ) እና ለሶሌታ (ለኮንክሪት ንጣፍ) ግን ላብራቶሪ ሳይፈተሽ? በፍጹም! እዚህ ላይ አልደራደርም።

እንጨት፣ አፈርና ጀሶ ተለቅመው ይውጡ። በተለይ ጀሶ ከሲሚንቶ ጋር ሆኖ እርጥበት ሲያገኝ ኮንክሪቱን ሊያሳብጠውና ሊሰነጥቀው ይችላል። የጂማን ዝናብ ደግሞ ታውቁታላችሁ።

ከሥራ ሥራ የሚለያየው ከአዲስ ጠጠር ጋር የሚቀላቀልበት መጠን ነው። እሱን የአሮጌው ኮንክሪት ጥራትና የሚሸከመው ጭነት ስለሚወስኑት መሐንዲሳችሁን ጠይቁ።